ወንድ የጠፋላት ሺ እግር

ዳኛዋ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ጡረታው ግን ከችሎት እንጂ ከመፍረድ አላወጣቸውም። አንድ ቀን ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብተው ወለሉ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ቢያዩ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሞት ፈረዱበት። ነጠላ ጫማቸውን ከፍ እንዳደረጉ፣ አብራቸው የምትኖረው ምራታቸው ከኋላ ደርሳ እጃቸውን ለቀም አደረገች።

«ኧረ እማማ፣ አይግደሏት!»

«ምን ሆንሽ? ትል እኮ ነው!»

ትል አልነበረችም። ከክብሪት እንጨት የምታጥር፣ ጥቁር ሰውነቷ ግራና ቀኝ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለበት፣ ሮዝ እግሮቿን እያተራመሰች በነጩ ንጣፍ ላይ የምትንሸራሸር ሺ እግር ነበረች። ምራትየዋ በከተማው የተፈጥሮ ሙዚየም የነፍሳት ክፍል ተመራማሪ ናት፤ ያየቻቸው ሺ እግሮች ለቁጥር ያታክታሉ። እንዲህ ያለችውን ግን አይታ አታውቅም። የጥርስ ብሩሾቹን አራግፋ፣ ሺ እግሯን በብርጭቋቸው ከታ፣ ወደ ሥራዋ በረረች።

ሙዚየም እንደደረሰች በአልኮል የተቀመጡትን የሺ እግሯን ዘመዶች ሁሉ አውጥታ አስተያየቻት። የቀደሙ ሰዎች የጻፉትንም አገላበጠች። ወገኗ የታወቀ ነው፤ እሷን ራሷን ግን የገለጻት ሰው የለም። ደስታዋ ገና ሳይበርድ ማይክሮስኮፕ ሥር በጀርባዋ አስተኝታ ብታያት፣ ሴት ሆና ተገኘች። ምራትየዋ ራሷን ይዛ ቁጭ አለች።

«ሴት ብትሆንስ?» አሉ አማቷ እራት ላይ ቆጣ ብለው። «ሴት ስለሆነች አትቆጠርም ነው የምትዪኝ?»

«እንደሱ አይደለም እማማ። የእነዚህ ዝርያ የሚለየው በወንዱ ነው። ወንዱ ሰባተኛው የሰውነቱ ቀለበት ላይ ያሉት እግሮቹ ለመሄጃ አይደሉም።»

«ታዲያ ለምን ናቸው?»

ምራትየዋ ውኃ ተጎነጨች። «ለ... ለትዳር ናቸው።»

ዳኛዋ ሹካቸውን አስቀመጡ። «በእግሩ?»

«በእግሩ። ቅርጹ በየዝርያው ይለያያል። የአንዱ መንጠቆ ነው፣ የሌላው ማንኪያ ይመስላል። ያንን አይቼ ሥዬ ካላሳየሁ፣ አዲስ ናት ብል ማንም አያምነኝም።»

«ስንት የፍቺ ክስ ስሰማ ኖሬ፣ እንዲህ ያለ ጉድ አልቀረበልኝም!» ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«የመጣችው በረንዳው ላይ ካሉት አበቦች አፈር መሆን አለበት፤ ነገ ፈትሼ ወንዱን አገኘዋለሁ» ስትል ግን ሳቃቸው ቀጥ አለ።

«አታገኚውም» አሉ ቀስ ብለው። «ቤቱን ሊወርሩን ነው ብዬ ሁሉም ላይ የፈላ ውኃ ደፋሁባቸው።»

የቀረው አንድ አበባ ብቻ ነበር፤ ዳኛዋ በደጉ ጊዜ ከዚያው አፈር ወስደው ተክለው ለምድር ቤቱ ጥርስ ሐኪም የሰጡት። አሁን ተኮራርፈዋል። እሳቸው «ጤነኛ ጥርሴን ነቀለው» ይላሉ፤ እሱ «በጣታቸው ያሳዩኝ እሱኑ ነው» ይላል። የሕንፃው ነዋሪም ለሁለት ተከፍሎ ይሟገትላቸዋል።

«ለሳይንስ ስል ለጊዜው እታረቀዋለሁ» አሉ ዳኛዋ።

በማግስቱ ክሊኒኩ ገብተው ወንበሩ ላይ ተንጋለሉ።

«የቱ ነው የሚያምዎት?»

«አንተ ፈልገው። ባለፈው ጠቁሜ ምን አተረፍኩ?»

እሱ የማያመውን ጥርስ እያንኳኳ ሲፈልግ፣ ምራትየዋ ተራ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ተንበርክካ የአበባውን አፈር በማንኪያ ምንጣፉ ላይ ትዘረግፋለች። ጉንጩ ያበጠ አንድ ተረኛ ዓይኑን ሳይነቅል ያያታል። ከበሰበሰ ቅጠል ሥር አንድ ቀጭን ሺ እግር ብቅ አለ። በማጉያ መነጽር ገልብጣ አየችው። ሰባተኛው ቀለበት ላይ መሄጃ እግር የለም!

«ወንድ ነው! ወንድ ነው!» ብላ ጮኸች።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለ ተረኛው፣ ባበጠ ጉንጩ።

ሐኪሙ መስታወቱን እንደያዘ ሮጦ ወጣ። «ምንጣፌን ምን አደረግሽው?» ሊቆጣ ነበር፤ ነገሩን ስትነግረው ግን ጎንበስ አለ፣ ጣቱ ላይ አስወጥቶም በማጉያዋ ከሥር ተመለከተው። «መንጠቆው እኮ ቁርጥ የኔን መሣሪያ ነው!» ሺ እግሩም ደንግጦ ቡናማ ፈሳሽ ለቀቀበት። ክፍሉ በሚሰነፍጥ ጠረን ታፈነ።

«የምንጣፉን ነገር እተወዋለሁ፣ በኔ ስም ይሰየም» አለ፣ ጣቱን እየጠረገ።

ዳኛዋ ደረታቸው ላይ ፎጣ እንደተንጠለጠለ መጥተው በምራታቸው ጆሮ ሹክ አሉ። «ስጪው። እንዲህ የሚሸት ነገር በስሙ ሲጠራ ለማየት ያብቃኝ።»

ምራትየዋ ቀለበቱን ቆጥራ፣ ርዝመቱን ለክታ፣ የትዳር እግሩን ከፊትም ከጎንም ሥላ ጻፈች። የሳይንስ መጽሔቱ ገምጋሚዎች አንዴ መልሰውባት፣ አርማው፣ በስተመጨረሻ ታተመ። የሐኪሙ ስም የላቲን ጅራት ተቀጥሎለት የሺ እግር ስም ሆነ።

ዳኛዋ እንዳሰቡት ግን አልሆነም። ሐኪሙ የሺ እግሩን ፎቶ የበር ያህል አሳድጎ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ጥርሱን የማያመው ሰው ሳይቀር ሊያይ መጣ። ጋዜጠኛም ጠየቀው። ዳኛዋ ደረጃው ላይ ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ «ይሸታል እኮ!» ቢሉም፣ ሰው «እንዴት መታደል ነው!» እያለ አለፋቸው።

«ያገኘኋት እኔ አይደለሁም?» አሉ ምራታቸውን።

«ሊገድሏት ነበር እኮ እማማ።»

«ሙከራ ነው። ሙከራና ድርጊት ይለያያሉ።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ትንሽ አካፋ ገዝተው በየመናፈሻው ድንጋይ ይገለብጣሉ። ያገኙትን በማርማላታ ጠርሙስ ይዘው ይመጡና፣ ምራታቸው ጫማዋን ሳታወልቅ ፊቷ ይደቅናሉ።

«ይሄስ?»

«በረሮ ነው እማማ።»

«መልኩን አይተሽ ነው? እንደሱ አይፈረድም። ከሥር እዪው።»

ምራትየዋ ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ መነጽሯን አውጥታ፣ በረሮውን ከሥር አየችው።