ዋጋ ሳይቆረጥ የተሰጠ ሰላምታ

ልንገዛት ያሰብናት መኪና የኋላ ወንበር ላይ፣ ወደፊት የምናሳፍራቸው ሰዎች ቀድመው ተቀምጠውበታል። ይህን ያወቅሁት መኪናዋን ለማየት በሄድኩ በመጀመሪያው ቀን ነው። ወንበሩ የቆዳ ነው። ቀለሙ ግራጫ ነው፤ ጭረት የለበትም።

መኪናዋ አነስተኛ የቅንጦት ኤስዩቪ ናት። እኛ ደሴዎች እንዲህ ያለውን ሁሉ ጂፕ እንለዋለን። ጣራዋ መስታወት ስለሆነ ተቀምጠው ሰማይ ያያሉ። ወንበሮቿ ቁልፍ ሲጫኑ ይሞቃሉ፤ የኋላዎቹም ጭምር። የቆመችው ደላላው ኑርዬ የሚሸጡ መኪናዎችን በሚያሳድርበት ግቢ ውስጥ ነበር።

መኪና የፈለግነው ለባለቤቴ ለደብሪቱ ነው። ቤታችን ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ባጃጅ በማይወጣው ድንጋያማ ዳገት ላይ ነው። ደብሪቱ ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ ከግቢ አትወጣም። ኮምቦልቻ የምትኖረው ታላቅ እህቷ እታገኝ ደግሞ አልጋ ይዛለች። ደብሪቱ፣ ሳላያት እንዳታልፍ ትላለች። እኔም ይህን እፈራለሁ። ሌላም እፈራለሁ። መኪናውን ለመግዛት ሱቃችንን ሸጠናል፤ ሌላ የምንሸጠው ነገር የለንም። ከተሳሳትኩ የምሳሳተው አንድ ጊዜ ነው።

ስለ መኪና አላውቅም አልልም። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ የወባ መከላከያ ሹፌር ሆንኩ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ነዳሁ። ሰው አልገጨሁም። ዶሮም አልገጨሁም። በየመታጠፊያው ክላክስ ስለምነፋ የሥራ ጓደኞቼ ጥሩምባው አበጋዝ ይሉኝ ነበር። መንገዱ ባዶ ቢሆንም እነፋለሁ። ባዶ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በመጀመሪያው ቀን መሪው ዘንድ ተቀመጥኩ። ወንበሩን አስተካከልኩ። ስፔኪዮውን አስተካከልኩ። በስፔኪዮው ውስጥ ጎረቤቴ ሙሄ ጉልበቱ ላይ ግማሽ ጆንያ ጤፍ ይዞ ተቀምጧል። ከአጠገቡ የከድጃ ልጅ ሰዓዳ አለች። ከድጃም ጎረቤታችን ናት። ሰዓዳ ሆዷ ገፍቷል፤ ምጥ ይዟት የበሩን እጀታ ጨብጣለች። ሰዓዳ ገና አላገባችም። የዚያን ዕለት ጠዋት በራፋቸው ላይ ሽንኩርት ስትልጥ አይቻት ነው የመጣሁት።

ዞር ብዬ፣ «እንዴት ዋላችሁ?» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

«አልሐምዱሊላህ። ደብሪቱ ደህና ናት?» አለ ሙሄ።

«ደህና ናት። ጤፉ ከየት ነው?»

«ከወረባቦ። ጤፉን ተወውና ንዳ፤ ልጅቷ ጭንቅ ላይ ናት።»

ሰዓዳን ባልሽ ማነው ልላት ፈለግሁ፤ ነውር ነው ብዬ ተውኩት። መኪናዋ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረች። ኑርዬ አንገቱን በመስኮት አስገባ።

«የኋላዎቹ ቀበቶ ስላላሰሩ ነው። ዘመናዊ ናት፤ ሰው ትቆጥራለች» አለ።

ስወርድ ፊቱ ተለዋውጦ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ሰላም አሏቸው እንዴ?»

«አዎ።»

«ዋጋ ሳንቆርጥ?»

«ጎረቤቶቼ ናቸው። ዝም ልበላቸው?»

«መኪና የሚገዛ ሰው ወደ ኋላ አያይም። ቢያይም ዝም ይላል። አሁን ሌላ ገዢ ባመጣ፣ አበጋዝን ነው የምንጠብቀው ብለው ያባርሩብኛል።»

ደነገጥኩ። «ገዛኋት ማለት ነው?»

«እሱስ አይደለም። ጎረቤትን ሰላም ማለት ይታለፋል። የቤትዎን ሰው ሰላም ያሉ ዕለት ግን አለቀ፤ የእርስዎ ናት።»

«ተሳፋሪ የሌለባት መኪና የለህም?»

«አለችኝ። ባዶውን የሚወስደው ግን ሰው የሌለው ነው። እርስዎ ሰው የለዎትም?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው» አለ ኑርዬ።

ቤት ገብቼ ለደብሪቱ ሁሉንም ነገርኳት። ጉልበቷን እያሸች ሰማችኝ።

«ወንበሩ ይሞቃል ያልከው እውነት ነው?»

«ይሞቃል። የሙሄና የሰዓዳ ነገር ግን…»

«መኪና ያለው ሰው የሰፈሩ አምቡላንስ ነው። ቀድመው መቀመጣቸው ደግ ነው፤ በር አያንኳኩብንም።»

«ሰዓዳ እኮ አላገባችም።»

«ታገባለቻ። ለከድጃ ብቻ እንዳትነግር፤ ዛሬውኑ ድንኳን ትጥላለች።»

በማግስቱ ሙሄን አጥሩ ዘንድ አገኘሁትና ከወረባቦ ጤፍ ያስመጣ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«አስመጥቼ አላውቅም» አለ። ጥቂት አሰበ። «መጥፎ ሐሳብ ግን አይደለም።»

ያለ መካኒክ መኪና አይገዛም። በሁለተኛው ጊዜ ጋራዥ ያለውን ታደገን ይዤ ሄድኩ። ታደገ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያዳምጥ ቆየ። ከሥር ገብቶ ወጣ። እጁን ጠረገ።

«ሞተሩ ንጹሕ ነው። ካምቢዮውም ንጹሕ ነው። ዘይት አትጥልም። የኋላው ሞላ ግን ዝቅ ብሏል።»

«ለምን?»

«ሰው ተኝቶባታል። የተኛ ሰው ይከብዳል።»

«የተኛ አላየሁም። ሁለት ጎረቤቶቼ ነበሩ የተቀመጡት።»

«ትንሽ መኪና ስለሆነች በተራ ነው የሚገቡት» አለ ኑርዬ።

ገብቼ በስፔኪዮው አየሁ። ሙሄና ሰዓዳ የሉም። በቦታቸው ደብሪቱ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ለብሳለች፤ ፀጉሯ አዲስ ተሠርቷል። አንድ ሰው ጭኗ ላይ ራሱን አድርጎ በጋቢ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ፊቱ አይታይም። ጋቢው ደብሪቱ ራሷ ፈትላ ያሠራችልኝ ነው። እግሩ ከጋቢው ወጥቷል፤ የካልሲው ተረከዝ በሰማያዊ ክር ተጥፏል። ጎንበስ ብዬ እግሬን አየሁ። ያ ካልሲ እግሬ ላይ ነበር።

ጋቢው ደረቱ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህን ሳይ ጥቂት ተረጋጋሁ።

ወዴት ናችሁ ብዬ ልጠይቃት ፈለግሁ። ነገር ግን ሰው ሰላም ሳይባል ወዴት ነህ አይባልም። ሰላም ካልኳት ደግሞ መኪናዋን ገዛኋት። ስለዚህ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ከተጋባን ጀምሮ ደብሪቱን አይቼ ሰላም ሳልል ያለፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው። እሷም አየችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ወርጄ ኑርዬን ጠየቅሁት። «ባልገዛትስ?»

«ሰውየው መተኛቱ አይቀርም። በቃሬዛ ይሆናል።»

«ሌላ መኪና ብገዛ?»

«ያቺ ነጯ መኪና ውስጥም ሰውየው አለ። የእሷ የኋላ ወንበር ግን አይሞቅም። ሲንቀጠቀጥ አይተን በሩን ዘጋንበት።»

ታደገን ወደ ጎን ወስጄ ምን ትመክረኛለህ አልኩት።

«መኪናዋስ ጥሩ ናት። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፣ ጋሼ። እርስዎ ከኋላ ከተኙ ማን ነው የሚነዳው?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ቤቴ እስክደርስ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ደብሪቱን አኩርፋ አገኘኋት።

«ምን ሆነሻል?»

«እንጃ። የሆነ ቦታ አይተኸኝ ዝም ብለህ ያለፍክ ይመስለኛል።»

አልዋሸኋትም። ያየሁትን እንዳየሁት ነገርኳት። ስለ ካልሲውም ነገርኳት። ከዚያ፣ «ጋቢ ለብሼ ብተኛ ወዴት ነው የምትወስጂኝ?» አልኳት።

«ኮምቦልቻ ነዋ። ከእህቴ ቤት። እዚያ ቆላ ነው፤ ይሞቅሃል።»

«አንቺ መንዳት አትችይም። ማን ይነዳል?»

«ሄጄ መኪናዋ ውስጥ ያለችውን እጠይቃታለሁ» አለች ደብሪቱ።

በሦስተኛው ጊዜ ሙሄና የሰፈሩ ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው ዳገቱን አወረዷት።

«ንግሥት ሆንሽ» አላት ሙሄ፣ እያለከለከ።

«አንተ ይልቅ ጤፍህን አስመጣ።»

«የምን ጤፍ ነው ባልና ሚስት የያዛችሁኝ?» አለ ሙሄ። ከዚያ ግን የጤፍ ዋጋ ወረባቦ እንዴት እንደሆነ ጎረምሶቹን ሲጠይቃቸው ሰማሁ።

ኑርዬ ግቢ ስንደርስ ደብሪቱን ከፊት አስቀመጥኳትና የማሞቂያውን ቁልፍ ተጫንኩላት። ወንበሩ ሞቀ። እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ፊቷ ሲፈታ አየሁ። እንዲህ ተፈትቶ ካየሁት ቆይቷል። ወደ ኋላ እንዳትዞር ላስጠነቅቃት አፌን ስከፍት ዞራ ነበር።

«እንዴት ዋልሽ ደብሪቱ?» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበትሽ እንዴት ነው?» አለች የኋላዋ።

«አሁን ሞቀው። ያንቺስ?»

«ተሻለኝ። ያን ቅባት ተይው፤ አይረባም።»

«እኔስ ብዬ ነበር። ፀጉርሽን ማን ሠራሽ?»

«ሰዓዳ።»

«እጇ ጥሩ ነው። እታገኝስ?»

«ትጠብቀናለች።»

«የተኛው ማነው?»

«ቀስ በይ፤ ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰደው።»

«የሚነዳላችሁስ?»

የኋላዋ ደብሪቱ እኔ ወደተቀመጥኩበት ተመለከተች። ከእኔ በስተጀርባ ያለ ነገር የምታይ ይመስል ነበር፤ ከእኔ በስተጀርባ ያለችው ግን እሷ ናት።

«ጠንቃቃ ሰው ነው» አለች።

ከውጭ ኑርዬ «የሚሸጥ» የሚለውን ወረቀት ከመስታወቱ ላይ ይልጥ ጀመር።

«እኔ ሰላም አላልኩም» አልኩት።

«ባልና ሚስት አንድ አፍ ናቸው።»

«የተኛውንም ማንም ሰላም አላለውም።»

«የተኛ ሰው ሰላም አይባልም፣ ጋሼ» አለ ኑርዬ። ቁልፉን ሰጠኝ።

ከገዛናት በኋላ የኋላው ወንበር ባዶ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ስፔኪዮውን አያለሁ፤ ወንበሩ ብቻ ነው። ደብሪቱን ከተማ ወሰድኳት፣ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፣ ክርስትና ወሰድኳት። ኮምቦልቻ ግን አልሄድንም። ጎማው መንገድ ይልመድ አልኩ። ክረምቱ ይውጣ አልኩ። መንገዱ መታጠፊያ ይበዛዋል አልኩ። ደብሪቱ ሁልጊዜ እሺ ትል ነበር። ካልሲውን አቃጠልኩት። ጋቢውን ሣጥን ውስጥ አድርጌ ቆለፍኩበት። ወደ ኮምቦልቻ እስካልሄድኩ ድረስ አልተኛም የሚል ሐሳብ ነበረኝ።

ሰዓዳ አገባች። ዓመቱ ሊዞር ሲል ከሙሄ ጋር ከወረባቦ የመጣለትን ጤፍ ከመናኸሪያ ጭነን ስንመለስ፣ ከድጃ መንገዱ መካከል ቆማ እጇን አወናጨፈች። ሰዓዳን ከሙሄ አጠገብ አስገባናት። የበሩን እጀታ ጨበጠች። ሙሄ፣ «ደብሪቱ ደህና ናት?» ሲለኝ፣ ያኔ ኑርዬ ግቢ ስለመለስኩለት ዝም አልኩ። «ጤፉን ተወውና ንዳ» አለኝ። ስለ ጤፉ አልጠየቅሁትም ነበር። ሰዓዳ ሴት ልጅ ወለደች። ከአራስ ቤት ከወጣች በኋላ አንድ ቀን መጥታ ደብሪቱን ፀጉር ሠራቻት።

በዚያው ቀን እታገኝ ከኮምቦልቻ ሰው ላከችብን። መልእክቱ አጭር ነበር። «መኪና ገዝታችኋል አሉ» ብላለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ደብሪቱ ነጠላዋን ለብሳ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። እኔም ሳያት ቆየሁና ቁልፉን አመጣሁ።

«ከፊት ግቢ» አልኳት።

«እግሬን ልዘርጋበት» ብላ ከኋላ ገባች።

ዳገቱን በቀስታ ወረድን። ከከተማው ወጥተን የኮምቦልቻን ቁልቁለት ያዝን። በመጀመሪያው መታጠፊያ ክላክስ ነፋሁ። በሁለተኛውም ነፋሁ። መኪናዋ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረች።

«ቀበቶሽን እሰሪ» አልኩ።

«አስሬአለሁ።»

«ታዲያ ማን ነው ያላሰረው?»

«ቀስ በል፤ እንዳይነቃ» አለች ደብሪቱ።

በስፔኪዮው ላይ ማን እንዳለ ለማየት ቀና አልኩ። የታየኝ የመስታወቱ ጣራ ነው። ሰማዩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ራሴ የደብሪቱ ጭን ላይ ነው። ወንበሩ ከሥሬ ይሞቃል፤ ጥሩ ይሞቃል። የተጣፈው ካልሲ ተረከዜን ቆረቆረኝ። አዲስ የተሠራው ፀጉሯ ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

«እየደረስን ነው፤ ትጠብቀናለች» አለችኝ። ጋቢውን ወደ ፊቴ ሳበችው።

ከፊት የተቀመጠው ሰው መታጠፊያው ዘንድ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከወዲያ በኩል ምንም ድምፅ አይሰማም፤ መንገዱ ባዶ ይመስላል። ክላክስ ነፋ።