ቀይ ወረቀት የለጠፈችው ሙሽራ

ማርሴላ ሠርጓ ሦስት ቀን ሲቀረው የምትጋባበትን ቤተ ክርስቲያን በገዛ እጇ ዘጋችው።

መሬት የተንቀጠቀጠው ሰኞ ጠዋት ነበር። የፊሊፒንስ ሰው ይህን ለምዶታል፤ ድስቱ ሲንኳኳ ወደ ሜዳ ይወጣል፣ ሲቆም ተመልሶ ሩዙን ያማስላል። የሰኞው ግን በረታ። ስለዚህ የሳን ቪዳል ከተማ መሐንዲስ የሆነችው ማርሴላ ሕንፃዎቹን ስትመረምር ሰነበተች። ረቡዕ ዕለት ወደ ደወሉ ማማ ወጣች። የጡቡ ስንጥቅ እጇን እስከ አንጓዋ ዋጠው። ወርዳ ትልቁ በር ላይ «መግባት ክልክል ነው» የሚለውን ቀይ ወረቀት ለጠፈችና ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ አማቷ ዘንድ ደረሰ።

«ሁለት መቶ ዓመት የቆመ ቤት አንቺ ልታገቢ ስትይ ነው የሚወድቀው?» አሉ እማማ ዴሜትሪያ። «እኔም እናቴም እዚያ ነው የተዳርነው!»

«እማማ፣ ስንጥቁን እኮ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«የሌላ ሰው ሠርግ ቢሆንስ ትዘጊው ነበር?»

«የሌላ ሰው ቢሆንማ ሳላለቅስ ነበር የምዘጋው።»

አሮጊቷ ይበልጥ ተቆጡ። «እንግዲያው ሜዳ ላይ ተጋቡ፤ እኔን ግን አትጠብቁኝ!»

እጮኛዋ ሩፊኖ ከጓደኞቹ ጋር የቅርጫት ኳስ ሜዳውን ጠርጎ በዘንባባና በአበባ አስጌጠው። ቅዳሜ ቄሱ ከቅርጫቱ ሥር ቆሙ። እማማ ዴሜትሪያም ጃንጥላ ይዘው ከች አሉ። «ለተጠበሰው አሳማ ስል ነው የመጣሁት!» ብለው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ቄሱ «ትቀበይዋለሽ ወይ?» ብለው ሲጠይቋት መሬቱ አጉረመረመ። ወንበሮች ተንሸራተቱ፤ ሰው ሁሉ ቁጢጥ አለ። ከመንገዱ ማዶ ማማው ዘመም አለና ጣሪያውን ደርምሶ ባዶው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወደቀ። አቧራው እንደ ጉም ተነሣ።

ሰው ልጆቹን፣ እናት አባቱን በዓይኑ ፈለገ፤ ሁሉም አሉ። እማማ ዴሜትሪያ ተነሡ። ማርሴላን ትክ ብለው አዩዋትና ግንባሯን ሳሟት። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል።

«አንተ!» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። «ይችን ልጅ አንተ ባታገባት እኔ ነኝ የማገባት!»

ሳቁ ሜዳውን ሞላው።

«አባቴ፣ ምን ይጠብቃሉ?» አሉ አሮጊቷ ደግሞ ወደ ቄሱ ዞረው። «ሌላ መንቀጥቀጥ ሳይመጣ ይጨርሱልን እንጂ!»

«እቀበለዋለሁ!» ብላ ጮኸች ማርሴላ፣ ጥያቄው እስኪደገም እንኳ ሳትጠብቅ።

አሳማው ከነጠረጴዛው ተገልብጦ ነበርና አንሥተው አራግፈው በሉት። ከዚያ ጭፈራው ደራ፤ እማማ ዴሜትሪያም ጫማቸውን አውልቀው ሙሽራይቱን እየጎተቱ መሃል ገቡ። ከሰዓት በኋላ ምድር ሁለቴ ነቅነቅ አደረገቻቸው ይባላል። ሙሽራይቱ ግን ከምድርና ከአማቷ የትኛው እንዳንቀጠቀጣት አላወቀችም።