የአያ ምንይችል ፎቶ

የሻው አዘዞ ላይ የአይከል ሚኒባስ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ጠበቀ። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ጉልበቱም ትዕግሥቱም አልቀዋል። ቦርሳውን አቅፎ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ ጣል አደረገ። ቦርሳው ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ እንጀራ የበላባት የፊልም ካሜራው አለች። ፎቶ ቤቱ ከተዘጋ አራት ዓመት ሆኖታል። ሰው ሁሉ በስልኩ ሲያነሳ እሱ አላዘነም፤ እንዲያውም ዐረፈ። ዛሬ ካሜራዋን ከሳጥን ያስወጣው ታላቅ ወንድሙ ነው።

አያ ምንይችል በጉበት ሕመም አልጋ ላይ ከዋለ ሦስት ወሩ ነው። ሐኪሞቹም ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤቱ መልሰውታል። ባለፈው ሳምንት በልጁ ስልክ ደውሎ፣ "ልጆቼ ሁሉ ይሰበሰባሉ። በዚያች ካሜራህ መጥተህ አንድ ላይ አንሳን" አለው። አባታቸው ሲሞት የሻውን ያሳደገው፣ ጎንደር ልኮ ያስተማረው እሱ ነው። እምቢ ማለት አይታሰብም።

የሻው ለማንም ያልተናገረው ነገር ነበር። ቀኝ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ ግራውም ደክሟል። በዚያች ካሜራ ለማንሳት በትንሿ መስኮቷ ውስጥ የሚታዩትን ሁለት ምስሎች አንድ እስኪሆኑ ማገጣጠም ያስፈልጋል። ለእሱ አሁን ሁለቱም ጭጋግ ናቸው። ስለዚህ ሰፊውን ሌንስ ይዞ መጣ። ሰፊ ሌንስ ቅርቡንም ራቅ ያለውንም አጥርቶ ስለሚይዝ ርቀቱን በግምት መሙላት ይበቃል። ሌንሱ የሚያየው የካሜራዋ መስኮት ከሚያሳየው ስለሚሰፋ፣ ከአናቷ ላይ የምትሰካ የራሱ ማያ አለችው። ከአውራ ጣት አትበልጥም፤ ግን በእሷ ሲያዩ ሁሉ ነገር ትንሽ ሆኖ ጥርት ይላል። ግራ ዓይኑ ለእሷ አያንስም።

አይከል ሲደርስ የወንድሙ ሚስት የትነበርሽ በር ላይ ተቀበለችው።

"ምነው እንዲህ ከሳህ?" አለችው፤ ቤት ውስጥ ያለውን በሽተኛ የረሳች ይመስል።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግማሹን አልጋው ይዞታል። ወደ ውጭ እናውጣው ሲባል የትነበርሽ ብርዱን ፈርታ ከለከለች። አምስቱ ልጆች ተጋፍተው ገቡ። በሌላ ሌንስ ቢሆን ከሦስቱ በላይ ፎቶው ውስጥ አይገቡም ነበር።

በሽተኛውን ማዘጋጀት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ወንዶቹ ብብቱን ይዘው ቀስ ብለው አነሱት። ሴት ልጁ ሰርካለም ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ ነጭ ሸሚዝ አለበሰችው። ከጀርባው ትራስ፣ ከትራሱ ኋላ ደግሞ የታጠፈ ብርድ ልብስ አደረጉለት። በነኩት ቁጥር ጥርሱን ነክሶ ቻለ።

የሻው ጀርባውን ከግድግዳው አጣብቆ በማያዋ አየ። ስድስት ጊዜ አነሳ።

"አለቀ?" አለ አያ ምንይችል ላብ አጥምቆት።

"አለቀ።"

መልሰው አስተኙት። የሻው ካሜራዋን ሊከት ሲል ጣቱ የሌንሱን ክዳን ነካ። ክዳኑ አልተነሳም። ማያዋ በሌንሱ ውስጥ አይደለም የምታየው፤ በራሷ መስታወት ነው። ሌንሱ ተሸፍኖ ሳለ እሷ ሁሉን ነገር ወለል አድርጋ ስታሳየው ቆይታለች። ስድስቱም ባዶ ናቸው።

መዋሸት ቀላል ነበር። ከቀብሩ በኋላ ፊልሙ ተበላሸ ቢል ማን ይጠይቀዋል? ጎንደር ተመልሶ መተኛት ብቻ ነበር የሚፈልገው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

"አያ፣ ክዳኑን አላነሳሁትም። አንድም አልወጣ።"

የመጀመሪያው ልጅ አምሐ "እንዴት ሰው..." ብሎ ጀምሮ ተወው።

"ዓይንህ ነው?" አለ አያ ምንይችል።

"ቀኙ አያይም። ዓመት አለፈው።"

"ምነው አልነገርኸኝም?"

"አንተ ታመህ እያየሁ?"

"እኔስ መሄዴ ነው። አንተ ታክመህ ትድን ነበር እኮ!" አለና መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ሳል ሆነበት። ሰርካለም ውኃ አጠጣችው። "ከእንግዲህ ቀና ማለት አልችልም፣ ደክሞኛል። እንደተኛሁ አንሳኝ።"

"ሬሳ መስለህ!" አለች የትነበርሽ።

"ገና አልሞትሁም። እናንተ ወደ እኔ ውረዱ።"

ወረዱ። ገሚሱ ተንበረከከ፣ ገሚሱ ትራሱ አጠገብ ጎንበስ አለ። የትነበርሽ ጥቂት አቅማማችና እሷም ራሷን ከትከሻው አጠገብ አሳረፈች። የሻው ክዳኑን አንስቶ ለሰርካለም ሰጣት። ከግርጌ በኩል ሁለት ጊዜ አነሳ፤ እጁ ስለዛለ ሦስተኛውን ተወው።

አያ ምንይችል በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዐረፈ።

የሻው ፊልሙን ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር በተከራያት ክፍሉ አጥቦ፣ ፎቶውን አሳትሞ በአርባው ይዞ ሄደ። ሰፊ ሌንስ ቅርቡን ያገዝፋልና ብርድ ልብሱ ውስጥ ያሉት እግሮች ጉብታ አክለዋል። ፊቱ ደግሞ ርቆ፣ በልጆቹ ጭንቅላት ተከቦ፣ አንድ እፍኝ ሆኗል።

"ይህ እግር ነው እንጂ አባቴ አይደለም። ግድግዳ ላይ አይሰቀልም" አለ አምሐ። የሰቀለው የአባቱን የመታወቂያ ፎቶ አስተልቆ ነበር።

የሻው አልተከራከረም፤ እውነቱን ነው። የትነበርሽ ግን ፎቶውን ተቀብላ ወደ ደጁ ብርሃን ወጣችና ዓይኗ ላይ አስጠጋችው።

"ይኸውና፣ እየሳቀ ነው" አለች። "እኔ አጠገቡ ሆኜ አላየሁትም።"

ፎቶውን ደረቷ ላይ ይዛ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የሻው ሚኒባሱ ሳያመልጠው መሄድ ነበረበት፤ ቢሆንም አጠገቧ ተቀመጠ።