ነፍስ የሌለው ሥዕል

ጋሽ ዓብዱልሰመድ በዙሪክ ለስንቱ ወጣት ሽማግሌ ሆነው ተልከዋል፤ ደጅ ጠንተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱበት ቀን ግን አልነበረም። ይህን ስማቸውን መፍራት የጀመሩት የፈሃድ ጉዳይ ሲመጣባቸው ነው።

ፈሃድ ሠዓሊ ነው። የሚወዳት ሉበና ጄኔቭ አጠገብ፣ ቬርኒየ፣ ከወላጆቿ ጋር ትኖራለች። አባቷ ሐጂ እንድሪስ የመጀመሪያዎቹን ሽማግሌዎች «ነፍስ ያለው ነገር ለሚሥል ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለው መልሰዋቸዋል። ሉበና ደግሞ ያለ አባቷ ምርቃት አታገባም። ይህ ሁለተኛው ልመና ነው፤ ሦስተኛ አይኖርም።

«እኔ እኮ ነፍስ ያለው ነገር ሥዬ አላውቅም» አለ ፈሃድ፣ ጠዋት ባቡር ጣቢያ ሊሸኛቸው መጥቶ። በአንሶላ የተጠቀለለ ሥዕል አስታቀፋቸው። «ይኸን አሳዩልኝ። ከመቶ ዓመት በፊት ሠዓሊዎች ፊትና ዛፍ መሣል በቃን አሉ። አንዱ ሩሲያዊ ጥቁር አራት ማዕዘን ሥሎ፣ በአገሩ የቅዱሳን ሥዕል በሚሰቀልበት ጥግ ሰቀለው። እዚሁ ዙሪክ አንዲት ሴት በክርም በቀለምም አራት ማዕዘን ስትደረድር ኖረች። እኔ የእነሱ ተከታይ ነኝ።»

«አራት ማዕዘኑ ምንድን ነው ቢሉንስ?»

«አራት ማዕዘን ነው በሏቸው።»

ሁለተኛው ሽማግሌ ዘበነ የትራም ሹፌር ነው። ባቡሩ የበርንን ከተማ ሲያልፍ አላስችል ብሎት አንሶላውን ገለጠ። በነጭ መደብ ላይ ረጅም ቀይ ሦስት ማዕዘን፣ ከጫፉ ላይ ጥቁር ክብ፣ ከጎኑ ያጋደለ ትንሽ ቢጫ አራት ማዕዘን።

«የመንገድ ምልክት ነው» አለ። «ቀዩ ቅድሚያ ስጥ ነው፤ ተገለበጠ እንጂ።»

«ሸፍነው፣ ሰው ያየናል።»

«ቢያይስ ምን ያውቃል? እኛም የያዝነውን አላወቅን።»

ጋሽ ዓብዱልሰመድ ግን በልባቸው ደስ ብሏቸዋል። ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ። ለሐጂ እንድሪስ ከዚህ የተሻለ መልስ ከየት ይገኛል?

ሐጂ የሚኖሩበት፣ ሌ ሊኞን የሚባለው ሕንፃ ማለቂያ የለውም፤ መስኮቱም ከመስኮት አይለይም። ዘበነ አንጋጦ አየና «ይኸንንም የሣለው ፈሃድ ነው?» አለ።

ቤት ገብተው ተቀመጡ ቢባሉም አልተቀመጡም፤ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም።

«ሐጂ» አሉ ጋሽ ዓብዱልሰመድ፣ «ልጁ ሰው አይሥል፣ እንስሳ አይሥል። ሥራውን ዑለማ ቢመረምሩት ነውር አያገኙበትም።» አንሶላውን ገለጡት።

ሐጂ እንድሪስ መነጽራቸውን አደረጉ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደለም» አሉ ጋሽ ዓብዱልሰመድ በኩራት። «ምንም እንዳይሆን ተጠንቅቆ የሠራው ነው።»

«ይህን ለመቻል ነው የተማረው?»

«ብዙ ዓመት፣ ሐጂ።»

የሐጂ ፊት ፈታ አለ። በዚህ መሀል ባለቤታቸው ወይዘሮ ሀጅራ ሳምቡሳ ይዘው ገቡና ሥዕሉ ፊት ቆሙ።

«ቁርጥ ልጄን» አሉ ቀስ ብለው።

«የት አየሻት?» አሉ ሐጂ።

«ይቺው። ቀይ ካፖርቷ፣ ጥቁሩ ሒጃቧ። ቢጫው ቦርሳዋ ነው፤ ትራም ሊያመልጣት ስትሮጥ እንዲህ ነው የሚያጋድልባት።»

ሉበና ካለችበት ማድ ቤት የቧንቧው ውሃ ድምፅ ተቋረጠ። ዘበነ ሳምቡሳውን በሐዘን ተመለከተ።

ሐጂ ሥዕሉን አንሥተው ወደ መስኮቱ ወሰዱት። «ዓይን የላትም።»

«የላትም» አሉ ጋሽ ዓብዱልሰመድ።

«አፍስ?»

«ፈጽሞ።»

«እርስዎ ሽማግሌ ነዎት። አላህን ፈርተው ይንገሩኝ፤ ይህቺ ልጄ ናት?»

ጋሽ ዓብዱልሰመድ ሥዕሉን ሊያዩት ፈሩ። ደግመው ካዩት ልጅቷ ትወጣባቸዋለች። ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ተከሉ።

«ሐጂ፣ ከዙሪክ እስከዚህ አቅፌያት መጣሁ። ሰው መሆኗን ባውቅ ኖሮ እንዲያ አላቅፋትም ነበር።»

ሐጂ እንድሪስ ሳቁ። «እኔም ወልጄ ያሳደግኳት አላወቅኳት። ሠዓሊ ነው ብለው በከንቱ አስፈሩኝ እንጂ፣ ልጁስ ሥዕል አይችልም። ሰው ባልቻለው ነገር ደግሞ አይጠየቅም። በሉ ተቀመጡ።»

ፋቲሓ ተቀራ፤ ሳምቡሳውም ተበላ።

ማታ ከጄኔቭ ባቡር ጣቢያ፣ ከኮርናቫ፣ ጋሽ ዓብዱልሰመድ ለፈሃድ ደወሉ። «ተሰጠችህ» አሉት።

ፈሃድ ደጋግሞ አላህን አመሰገነ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሥዕሉንስ እንዴት አዩት?» አለ።

«ሥዕል አይችልም አሉ። በዚያ ነው የዳንከው።»

«ጋሼ፣ ስላልለመዱት ነው። እሷው እኮ ናት፣ ቁርጥ እሷን። አንድ ቀን መጥቼ ላስረዳቸው።»

«ጠዋት ነፍስ ያለው ነገር ሥዬ አላውቅም አላልከኝም?»

«እሱ ንድፈ ሐሳቡ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ኒካሁ እስኪታሰር ንድፈ ሐሳቡ ላይ ቆይ።»

ዘበነ ስልኩን ከእጃቸው ተቀበለ። «ከታሰረም በኋላ» ብሎ ዘጋው።