የግራ ክንድ፣ ሁለት ዓመት

ካርዱ ላይ ያለው ስም የራሷ ነበር። የእናቷም ስም፣ የትውልድ ቀኗም።

ኮድ ሰጪዋ መጀመሪያ ሳቀች። ከሆስፒታሉ ምድር ቤት የወጡትን አሮጌ ካርዶች ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ከጀመረች ሦስተኛ ወሯ ነው፤ ክንድ፣ ክርን፣ ጭን እያለች ስብራትን ሁሉ ወደ ፊደልና ቁጥር ስትለውጥ ትውላለች። የራሷም ካርድ ቢመጣ ምን ይደንቃል? ግን ክንዷ መቼ ተሰበረ?

«የግራ የላይኛው ክንድ አጥንት፣ መሃሉ ላይ። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ወጥቷል። ዕድሜ ሁለት ዓመት። በቀዶ ሕክምና ተስተካክሏል፤ አሥራ አንድ ስፌት። ከአሥር ቀን በኋላ ለክትትል ትመለስ።» ከዚያ በታች ባዶ ነው።

እጅጌዋን ሰበሰበች። ጠባሳ ቀርቶ ጭረት የለም።

«ድናለች ብለሽ ዝጊው» አላት የክፍሉ ኃላፊ፣ ቀና ሳይል። «ካንቺ የተሻለ ምስክር ከየት ይምጣ?»

ደንቡ ግን ሰነዱ ያላለውን ኮዱም አይበል ነው። በዚህ ደንብ ስንቱን ሐኪም አስመርራለች።

በምሳ ሰዓት ካርዱን ይዛ ራጅ ክፍል ገባች። ራጅ አንሺው ክንዷን ወደ መብራቱ አዙሮ አየ።

«ስፌቱን ማን ሰረቀሽ?» ብሎ ቀለደ። ካርዱን ደግሞ ሲያነብ ቀልዱ ጠፋበት። «አጥንት በልጅነት ከተሰበረ ምልክቱ ሊጠፋ ይችላል። አሥራ አንድ ስፌት ግን የት ይሄዳል? ስሚ፣ ይኼ ክንድ ቢላ ነክቶት አያውቅም።»

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ደወለች።

«እማዬ፣ ሁለት ዓመቴ ላይ ክንዴ ተሰብሮ ነበር?»

ከወዲያ በኩል ውሃ ይፈስ ነበር። ቧንቧው ተዘጋ።

«ካርዱ እስካሁን አለ እንዴ?»

«ለክትትል ትመለስ ይላል። ለምን አልመለሳችሁኝም?»

«የምንመልሳት ልጅ የለችማ።» እናቷ የጎረቤት ወሬ የምታወራ ነበር የምትመስለው። «ቁስሉ አመረቀዘ። ሳምንትም አልቆየች። ያኔ አንቺ ሆዴ ውስጥ ነበርሽ። ስሙ ጥሩ ስም ነው፤ ባክኖ እንዲቀር አልፈለግንም።»

«የልደት ወረቀቴስ?»

«ያው የሷው ነዋ፣ የኔ ልጅ። እስከዛሬ ምን ጎደለብሽ?»

ምንም። ትምህርት ቤት ከክፍሏ ልጆች ሁልጊዜ ትንሿ እሷ ከመሆኗ በቀር ምንም አልጎደለባትም። ስልኩን ዘጋች።

ተመልሳ ካርዱን ስታስገባ ኮምፒዩተሩ አስቆማት። «በዚህ ስምና የትውልድ ቀን የተመዘገበ ሰው አለ። ሁለቱ ካርዶች የአንድ ሰው ናቸው?»

«አይደሉም» የሚለውን ተጫነች።

«የትውልድ ቀኑ ባለቤት የሆነውን ካርድ ይምረጡ። ቀኑ ከሌላው ላይ ይሰረዛል።»

ካርዶቹ ጎን ለጎን ተከፈቱ። በግራው በኩል አሥራ አንድ ስፌት፤ በቀኙ የሠራተኛ ዓመታዊ ምርመራ፣ ሁሉም ጤናማ። በሁለቱም ራስጌ ያው ስም።

ኃላፊው ቦርሳውን አንግቶ በአጠገቧ አለፈ። «ዘጋሽው?»

«የትኛዋን?» አለች።