የጌዶዋ ሚዛን

ሲስተር ባየሽ ሚዛኗን እንደ ልጅ ነበር የምትወዳት። ጌዶ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ሚዛን ኖሮት አያውቅም ነበር። በ1996 ዓ.ም. አንድ የዱቄት ወተት ኩባንያ አዲስ ሲሰጥ ከሁሉ ቀድማ ያጨበጨበችው እሷ ናት። ሚዛኗ ላይ የወተቱ ቆርቆሮና ጉንጩ የሞላ ሕፃን ሥዕል ተለጥፏል፤ ቢለጠፍስ፣ ሚዛን ሚዛን ነው!

ሴና የአራት ወር ልጇን ቶኩማን ይዛ የመጣች ዕለት ግን ልጁ ግማሽ ኪሎ ቀንሶ አራት ኪሎ ከስምንት መቶ ላይ ተገኘ።

"ምነው ኢንተላ ኮ፣ ምነው ልጄ፣ ጡት አይጠባም እንዴ?"

"ማታ ማታ ብቻ። ቀን ያንን ነው የምሰጠው" አለች ሴና፣ ሚዛኗ ላይ ወዳለው ቆርቆሮ እየጠቆመች። "ቶሎ እንዳያልቅብኝ አቅጥኜ።"

"ማን አዘዘልሽ?"

"እናንተ ናችሁ እንጂ ሲስተር! የጤና ጣቢያው መድኃኒት ካልሆነ እዚያ ምን ይሠራል?"

ባየሽ አፈር በበላሁ አለች። ለካ ስንት ወር ሙሉ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ስታዝ ከርማለች።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለቻት። "ጡትሽ አልደረቀም፤ ቀንም ሌሊትም አጥቢው። በሦስት ሳምንት አምጪልኝ።"

ሴና እንደወጣች ባየሽ ምላጭ አንሥታ ሥዕሉን ትፍቀው ጀመር። ኃላፊው ኦቦ ሆርዶፋ ደርሰው ራሳቸውን ያዙ።

"ኧረ ባየሽ! የኩባንያው ሰዎች የክትባት ማቀዝቀዣ ሊሰጡን ቃል ገብተውልን!"

"ላም አለኝ በሰማይ" አለች ባየሽ፣ መፋቋን ሳታቆም።

የኩባንያው ሰው ፎቶ ሊያነሣ መጥቶ የተፋቀውን አየ። ሳይቆጣ፣ እየሳቀ፣ ሚዛኗን መኪናው ላይ ጭኖ ሄደ። ባየሽ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች።

የሦስት ሳምንቱ ቀጠሮ የገበያ ቀን ላይ ዋለ። ባየሽ ሴናን አስከትላ እህል ነጋዴው ኦቦ ኤጄታ ዘንድ ሄደች፤ ሲሸጡ ጣታቸው ሚዛን ላይ ታርፋለች እየተባሉ የሚታሙት ኤጄታ ዘንድ። ጉዳዩን ሲሰሙ የጤፉን ከረጢት አውርደው መንጠቆውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ቶኩማ በእናቱ ነጠላ ታስሮ ተንጠለጠለ።

"አምስት ኪሎ ከሦስት መቶ!" አሉ ኤጄታ።

ሴና እልል ልትል አፏን ስትከፍት ባየሽ አስቆመቻት።

"ኦቦ ኤጄታ፣ እጅዎን!"

ሽማግሌው ስቀው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። ገበያተኛው ሁሉ የሚዛኑን መርፌ አየ። መርፌው ንቅንቅ አላለም።