ሰባተኛው ማመልከቻ

መሐንዲሱ ሥራውን ለማያውቁት ሰዎች መናገር ካቆመ ቆይቷል። ሰርግ ላይም ሆነ ታክሲ ውስጥ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ሰው መሆኑ ከታወቀ አንዱ ስለተቃጠለበት ፍሪጅ፣ ሌላው ስለ ሦስት ቀን ጨለማ ያነሣበታል፤ እሱም የቀረበለትን ሳያጣጥም ይቅርታ ሲጠይቅ ይውላል። ስለዚህ የሚጠይቀው ሲመጣ «አስተማሪ ነኝ» ማለት ለመደ። አስተማሪን ማንም አያፋጥጥም።

በዚያ ዓመት እንቅልፍ እምቢ አለው። የአዲስ መስመር ዝርጋታ ክፍል ኃላፊ ነበርና ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲጮህበት ይውላል፤ አልጋው ላይ ሆኖም የሚጮህ ይመስለዋል። ሚስቱ አንድ ማስታወቂያ አሳየችው። ሐይቅ ዳር ያለች የእንጨት ጎጆ ናት፤ መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ ውሃው ከምንጭ ነው።

«ሂድና ሰው ሆነህ ተመለስ» አለችው። «እኔና ልጆቹ አንድ ሳምንት ያላንተ ብንሰነብት አንሞትም።»

ሄደ። የመጀመሪያውን ቀን ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣና ሲያስገባ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ካልሲ ውስጥ ከቶ ከሻንጣው ሥር ወሸቀው። በሦስተኛው ቀን ወፎች ሲንጫጩ ነቃና እንዲህ የተኛው መቼ እንደነበር ለማስታወስ ሞክሮ አቃተው። ሐይቁ ውስጥ እስከ አንገቱ ገብቶ ብቻውን ከት ብሎ ሳቀ። ድንች በፍም ጠብሶ ጣቱን እያቃጠለ በላ። ሰው መብራት የሚባል ነገር ባያውቅ ኖሮ ምን ይጎድልበት ነበር፣ አለ ለራሱ።

ጎጆዋን የሚጠብቁት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከዳገቱ በላይ ካለው መንደር ጠዋት ጠዋት ማገዶ ይዘው ይወርዳሉ። ማስታወቂያው የሐይቁን እንጂ የመንደሩን ስም አልጻፈም፤ መሐንዲሱም አልጠየቀም። ሽማግሌው በመጀመሪያው ቀን ሥራውን ሲጠይቁት እንደ ልማዱ መልሶላቸው ነበርና ከዚያ ወዲያ «መምህር» ይሉታል።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ሴትዮዋ የመንደሩ አዋላጅ ናቸው፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሁለት የፊት ጥርሳቸው የተሸረፈ። ሽማግሌው የላስቲክ ከረጢት በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«መምህር፣ ዕረፍትዎን መንሳት እንዳይሆንብን እንጂ አንድ ማመልከቻ ቢጽፉልን ብለን ነበር» አሉ። «የእኛ አጻጻፍ ሳይሆን አይቀርም የሚያስጠላቸው።»

«ምን ችግር አለው፣ አባባ? ለማን ነው?»

«ለመብራት መሥሪያ ቤት።»

ከረጢቱን ተቀብሎ ከፈተ። የስድስት ዓመት ስድስት መልስ ነበር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። «የአባወራው ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ጉዳዩ በሚቀጥለው ዓመት ይታያል።» የመንደሩን ስም አሁን ገና አየው። ከሥር ያለው ፊርማ የራሱ ነው። 

«ያቺን የተጠቀለለች ፊርማ አይተዋታል?» አሉ አዋላጇ በጣታቸው እየጠቆሙ። «መንደሩ ሰውየውን ቀንድ አውጣው ነው የሚለው። ልጅ ልከን ሲዘገይብን እንኳ ‹ምነው፣ ቀንድ አውጣውን ሆንክ?› እንላለን።»

ባልና ሚስቱ ሳቁ። መሐንዲሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያች ሳቁ የባሰ የሚያሳፍረው ነገር እስከ ዛሬ የለም።

«ምን... ምን ብዬ ልጻፍ?»

«በባትሪ ነው የማዋልደው ብለው ይጻፉለት። ሁለቱም እጄ ሥራ ላይ ነው፤ ባትሪዋን የምይዛት በጥርሴ ነው። ይኼ የተሸረፈው በእርጅና እንዳይመስልዎት።»

ጻፈ። ፊደሉ የራሱን እንዳይመስል ቀጥ ቀጥ አድርጎ ጻፈ፤ እንዲህ ማድረጉን ያወቀው ግማሹ ላይ ሲደርስ ነው። ጨርሶ ሲያነብላቸው ሽማግሌው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። አዋላጇም «ይኼማ ቀንድ አውጣውንም ያስሮጠዋል» አሉ።

መናገር የነበረበት ያን ጊዜ ነው። አፉንም ከፍቶ ነበር፤ የወጣው ግን «ከተማ ስገባ እኔው አደርስላችኋለሁ» የሚል ቃል ሆነ። መርቀውት፣ እንቁላል ትተውለት ሄዱ። እንቁላሉ አልወረደለትም። ሁለት ቀን ሲቀረው ሻንጣውን ሸክፎ ወጣ።

ሰኞ ማመልከቻውን አዲስ መስመር ለሚፈቅደው የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ አቀረበ። ሰብሳቢዋ መዝገቡን አገላብጠው ቀና አሉ።

«ስድስት ጊዜ አይሆንም ያልከው አንተው ነህ። አሁን ምን ተገኘ?»

የአባወራው ቁጥር ጨምሯል ማለት ይችል ነበር፤ ውሸቷ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር።

«ሄጄ አየሁት» አለ።

«ለሥራ?»

«ለዕረፍት። መብራት ስለሌለው ነው የሄድኩት።»

አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሰብሳቢዋ ፊቱን ሳያዩ «መስመሩ ይለካ» ብለው ጻፉ።

ለልኬታው ባለሙያዎቹን ብቻ መላክ ይበቃ ነበር። እሱ ግን አብሯቸው ሄደ። መኪናው መንደሩ መሐል ሲቆም ሽማግሌው ሮጠው መጡ፤ «መምህር! አደረሱልን!» ብለው ሊያቅፉት እጃቸውን ዘረጉ። በሩ ላይ የተጻፈውን የመሥሪያ ቤቱን ስም አልፈውት ነው የመጡት። አዋላጇ ግን ቆም ብለው አነበቡት።

«አባባ፣ አስተማሪ አይደለሁም» አለ መሐንዲሱ። «ያ ፊርማ የእኔ ነው።»

የሽማግሌው እጅ ተዘርግቶ ቀረ። ከዚያም ቀስ ብለው አወረዱት።

«ሐይቁ ውስጥ ሆነው ሲስቁ ሰምቼዎት ነበር» አሉ። «ደስ ብሎኝ ነበር። እንግዳችን ደስ አለው ብዬ ለእሷም ነገርኳት።»

 መሐንዲሱ ወደ አዋላጇ ዞረ፤ ቢቆጡት፣ ቢሰድቡት በወደደ።

«በሦስተኛው ማመልከቻ ዓመት አንዲት ወላድ እጄ ላይ ሞተችብኝ» አሉ። «መብራት ስላልነበረ ነው አልልህም። ከየት እንደምትደማ አላየሁም። አይቼ ቢሆን ኖሮ አውቅ ነበር።»

እስካሁን እርስዎ ይሉት የነበሩት ሴት አንተ አሉት። ሰውነቱ ሁሉ ሰማው። ይቅርታ የሚለውን ቃል ለሰርግና ለታክሲ ሲያባክነው ኖሯልና አሁን ሲፈልገው ቀሎ ታየው፤ ቢሆንም ተናገረው። 

«የማዋልድበት ክፍል ያውና» አሉ አዋላጇ በአገጫቸው እያሳዩ። «ከዚያ ጀምሩ።»

ባለሙያዎቹ አለቃቸው የሜትሩን ጫፍ ይዞ ጭቃ ውስጥ ሲንበረከክ አይተው ተያዩ። ቀኑን ሙሉ ከእጁ አላስቀመጠውም።

መብራቱ የገባው ከስምንት ወር በኋላ ነው። ለምረቃው ተጠርቶ ነበር፤ ጭብጨባውን መቀበል ስላልቻለ ሳይሄድ ቀረ። ሚስቱ ግን ሐይቁን አልረሳችውም። አንድ ቅዳሜ «ያ ቦታ አንድ ሰሞን ፊትህን መልሶልህ ነበር፤ ልጆቹን ይዘን ብንሄድስ?» አለችው። ያን ጊዜ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ነግሮ ሲጨርስ ልብስ ማጣጠፏን ቀጠለች።

«ደስ ብሎኝ የነበረው እውነት ነው» አላት። «የሚያሳፍረኝም እሱው ነው።»

«ታዲያ አንሂድ?»



«እንሄዳለን» አለ። «ሐይቁ ጋ ከመውረዳችን በፊት ግን ዳገቱን ወጥተን ሰላም እንላቸዋለን።»

እንዴት እንደሚቀበሉት አያውቅም ነበር። «እንሄዳለን» ሲል የሰሙት ልጆች ግን የዋና ልብሳቸውን ለመፈለግ እየተጋፉ ወደ ክፍላቸው ገቡ።